ያላስጨረስኩት ግዝት

በቄስ አፍ ላይ እጄን እንደጫንኩ እንጅባራ ውስጥ ያልሰማ የለም። ወሬው ግምጃ ቤት ከተማ ደርሶ ሲመለስ «በጥፊ መታቻቸው» ሆነ፤ ዳንግላ ደርሶ ሲመለስ ደግሞ «ጥርሳቸውን አወለቀች» ሆነ። አልመታኋቸውም። ያደረግኩትን እጽፋለሁ፤ ከዚያ በፊት የተደረገብኝንም እጽፋለሁ። የሰው ስም አልጠራም። የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል፤ የማያውቃቸውም ስማቸውን ቢሰማ የሚጠቀመው ነገር የለም።

ከሃዲ የሚሉኝ ስላሉ አስቀድሜ እምነቴን ልናገር። እግዚአብሔር ሴትን የፈጠረው ለወንድ ረዳት እንድትሆን ነው ብዬ አምናለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰማሁት ይህን ነው፤ እስከ ዛሬ አልለወጥኩትም። ጠቤ ከቃሉ ጋር አይደለም። ጠቤ ቃሉን ልጓም አድርገው አፌ ውስጥ ካስገቡት ሰዎች ጋር ነው።

ባሌ ፈረሰኛ ነበር። ለጊዮርጊስ በዓል ወር ሲቀረው ጀምሮ ፈረሱ ገብስ ይበላል፣ ይታጠባል፣ ጋማው ይበጠራል። ባሌ ፈረሱን አንድ ቀን መትቶት አያውቅም። አለንጋው ግን ሥራ ፈትቶ አያውቅም። የተመታ ፈረስ በሰው ፊት ጌታውን ያዋርዳል ይል ነበር። እኔ በሰው ፊት እንደማላዋርደው ስለሚያውቅ በእኔ በኩል ስጋት አልነበረበትም።

በተጋባን በሦስተኛው ዓመት፣ በበዓሉ ማግስት፣ አብረውት የጋለቡትን ሰዎች ይዞ ቤት መጣ። ጠላው አልቆ ነበር። ያለቀው ዋዜማውን ራሱ «ቅጂ፣ ቅጂ» እያለ መንደሩን ስላስጠጣ ነው። ሰዎቹ ባዶ ዋንጫ ይዘው ተያዩ። አንዱ ሳቀና፣

«ወንድሜ፣ ከሚስትህ ፈረስህ ይሻላል፤ እሱስ አላሳፈረህም» አለው።

ሁሉም ሳቁ። ባሌም ሳቀ። ሸኝቷቸው ሲመለስ ግን ሳቁ ከፊቱ ላይ አልነበረም። መጀመሪያ በአለንጋው እጀታ ትከሻዬን መታኝ። ስወድቅ በጫማው ጎኔን ደጋገመው። በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው፣ ደረቅ ቀርቀሃ ሲሰበር እንደሚጮኸው የሆነ ነገር ውስጤ ጮኸ። እኔ አልጮህኩም። የምጮህበት ትንፋሽ አልነበረኝም። አማቴ እዚያው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እንዝርታቸውን አላቆሙም። ሲበቃቸው ቀና ብለው፣

«ተው በቃህ፤ ነገ ሥራ አለባት» አሉት።

በሦስተኛው ቀን፣ እሱ ገበያ ሲወጣ ጠብቄ፣ ጥሊሊ አጠገብ ወዳለው ወደ ወላጆቼ ቤት በእግሬ ሄድኩ። መንገዱ ለጤነኛ ሰው የግማሽ ቀን ነው። እኔ ጎኔን በነጠላ ጠፍሬ በየጉብታው እየተቀመጥኩ ቀኑን ሙሉ ፈጀሁበት። አባቴ ሞቶ ስለነበር የቤቱ ጌታ ታላቅ ወንድሜ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሽማግሌዎች መጡ።

ሽምግልናችን ሥርዓት አለው። ሽማግሌ ነገሩን ከመስማቱ በፊት ሁለቱንም ወገን ዋስ ያስጠራል። ዋስ የጠራ ሰው የሚፈረደውን ሁሉ አስቀድሞ ተቀበለ ማለት ነው፤ ቢያፈርስ የሚዋረደው ዋሱ ነው። ዋስ ያልጠራን ሰው ደግሞ ሽማግሌ ሊፈርድበት አይችልም። ባሌ አጎቱን ጠራ። እኔ ማንንም አልጠራሁም፤ ዝም አልኩ። ዝም ብል ነገሩ ይቆማል ብዬ ነበር።

«እኔ ዋሷ ነኝ» ብሎ ወንድሜ ተነሣ። ቀና ብሎ አላየኝም። ባሌ ባዝራው የምትወልደውን ውርንጭላ ሊሰጠው ቃል እንደገባለት የሰማሁት በኋላ ነው። ውርንጭላው ተወለደ፤ አደገ፤ ወንድሜም በየበዓሉ ጋለበው።

ከዚያ የነፍስ አባታችን ተናገሩ። ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ ጢማቸው ጥቁር፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ። እግዚአብሔር ሔዋንን ከአዳም ጎን አጥንት እንዴት እንደፈጠራት አስተማሩ። «ከጎኑ የወጣሽ ነሽና ወደ ጎኑ ተመለሺ» አሉኝ። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ ትንፋሼን በግማሽ እየሳብኩ እሰማቸዋለሁ። ባልሽ ምን አደረገሽ ብለው አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ጠላው ለምን እንዳለቀ ነው።

በመጨረሻ መስቀላቸውን አንሥተው፣ ዳግመኛ ተቆጥቼ ከባሌ ቤት ወጥቼ ባድር ከቤተ ክርስቲያን የተለየሁ እንድሆን፣ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ገዘቱኝ። ባሌን አልገዘቱትም። መከሩት። «አንተም አደብ ግዛ» አሉት፤ እሱም «እሺ አባቴ» ብሎ መስቀል ተሳለመ።

ግዝት የማይፈራ ሰው ይህን ሲያነብ ይስቅ ይሆናል። እኔ አልሳቅኩም። ግዝት ባፈርስ አልቆርብም፤ ብሞት ፍትሐት የሚያደርግልኝ የለም። የገዘተ ቄስ ራሱ ካልፈታው በቀር ግዝቱ ይዞ ይኖራል። ስለዚህ ከዚያ ቀን በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከዚያ ቤት ወጥቼ አላደርኩም። አሥራ ዘጠኙ ዓመት ሁለት ጥርስና አንድ ጣት ወሰደ። አንድ ልጅም ከሆዴ ወርዷል። ስለ እሱ አልጽፍም።

እናቴ በሕይወት እያለች ልትጠይቀኝ ስትመጣ በአገውኛ ታጽናናኝ ነበር፤ አማርኛ የሽማግሌና የቄስ ነበርና። አማቴ ግን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ነገር ነው የሚሉኝ። «እኔ ስንቱን ችዬ ነው እዚህ የደረስኩት። አንቺ ከምን ተሠርተሽ ነው?» ይሉኛል። እሳቸውም በወጣትነታቸው አንድ ዓይናቸው ታውሮ ነበር። እንዴት እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ ነግረውኝም አያውቁም። እሳቸው የተሸከሙትን እኔ ብጥለው የሳቸው ሸክም ከንቱ የሚሆን ይመስላቸው እንደነበር የገባኝ አርጅቼ ነው። ቢገባኝም ይቅር አላልኳቸውም።

ባሌ ሆዱ ተነፍቶ፣ ስምንት ወር አልጋ ላይ ቆይቶ ሞተ። አጠብኩት፤ አገላበጥኩት፤ በማንኪያ አጎረስኩት። በለቅሶው ላይ እነዚያው የነፍስ አባት ሕዝቡ ፊት ቆመው «ሚስት እንዲህ ናት፤ እግዚአብሔር ሴትን ሲፈጥር ያሰበው ይህችን ነው» ብለው አመሰገኑኝ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። በሕይወቴ ከተሰደብኩት ስድብ ሁሉ ያችን ምስጋና የሚያህል የለም።

የሰባት ዓመት ሴት ልጄን ይዤ እንጅባራ ገባሁ። ድንችና ገብስ እየቸረቸርኩ አሳደግኳት። ኮሌጅ ጨረሰች፤ ዳንግላ የመንግሥት ሥራ ያዘች፤ እዚያው አገባች። ሰውየው የከሰል ነጋዴ ነው። ደከረንስ የሚባለውን ዛፍ ከገበሬ በቁሙ ይገዛና አስከስሎ በጭነት መኪና ይልካል። በሠርጋቸው ቀን የቆሙት እነዚያው ቄስ ናቸው። ጢማቸው ነጥቶ ነበር፤ ትምህርታቸው ግን ያው ነው።

በሠርጓ በሁለተኛው ዓመት ልጄ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ በሚኒባስ መጣች። ነጠላውን ገለጥኩት። የግራ ዓይኗ ተዘግቷል።

«በር መታኝ» አለችኝ።

«አገጭሽንስ?»

ነጠላዋን መልሳ ተከናነበች። ሌሊቱን አጠገቧ ተኛሁ። አልጠየቅኳትም። ጠዋት የተናገርኩት እነሆ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ወጣት ነው፤ ይበርዳል። ከጎኑ የወጣሽ ነሽና ወደ ጎኑ ተመለሺ» አልኳት። አፉ የእኔ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻት ሚኒባስ ላይ አሳፈርኳት፤ ለመንገዷ ዳቦ ሰጠኋት። በመስኮት አላየችኝም።

ከስምንት ወር በኋላ ስልክ ደወለች። እኔ «ደኅና ነሽ ወይ?» እላለሁ፤ እሷ «እማዬ፣ አይሰማኝም፣ አይሰማኝም» ትላለች። የኔትወርክ መቆራረጥ መስሎኝ ስልኩን ይዤ ደጅ ወጣሁ። የኔትወርክ ጉዳይ አልነበረም። ከማርያም ማኅበር ዘግይተሽ መጣሽ ብሎ፣ ባሏ ፀጉሯን ጨምድዶ ራሷን ከመኪናው በር ጋር ሦስት ጊዜ አጋጭቷት ነበር። በዚያው ቀን መጣች። ደሙ በአንገቷ ወርዶ ሸሚዟ ላይ ደርቋል። ስናገራት ቀኝ ጆሮዋን ታዞርልኛለች። ሐኪሙ የግራው ዳግመኛ መስማቱን እንጃ አላት።

በዚያች ቀን እሷን ወደዚያ ቤት የሚመልስ ሰው በእኔ ላይ ተራምዶ ይሂድ ብዬ ወሰንኩ። ለማንም አልነገርኩም። ለእሷም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ባጃጅ መጡ። እነዚያው የነፍስ አባት፣ ወንድሜ፣ ከባልየው ወገን ሁለት ሽማግሌዎች። ባልየው ባጃጁ ውስጥ ከአጥሩ ውጪ ቀረ። ዳቦ ቆርሼ ጠላ አቀረብኩ፤ ነገሩ እሺ ካልተባለ እህል አንቀምስም አሉ። አንደኛው ሽማግሌ ወፍራምና ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው።

«እመቤቴ፣ ዳቦሽ እያየኝ ነው፤ እኔም አላስቻለኝም። ቶሎ እሺ በይና ልገላገል» አለኝ።

«የራበው ይብላ። የመጡበት ግን አይሆንም» አልኩት።

«ገና ሳንናገር?»

«ከዚህ በፊት ሰምቼዋለሁ።»

ሁለተኛው፣ ቀጭኑ፣ ወደ ልጄ ዞረ። «ልጄ፣ ባልሽ ዋሱን ጠርቷል። አንቺም ዋስ ጥሪ» አላት።

ልጄ በግራዋ በኩል ስለተቀመጠ አልሰማችውም። «ምን አሉ?» አለችኝ።

«ዋስ ጥሪ ነው የሚሉሽ። አትጥሪ።»

ወንድሜ ከዘራውን ተደግፎ ተነሣ። «አጎቷ ነኝ፤ እኔ ዋሷ ነኝ» አለ። ልክ እንደዚያን ቀን። ድምፁ እንኳ አልተለወጠም።

«ተቀመጥ፣ ጋሼ» አልኩት።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሽምግልና ላይ የምትናገሪ?»

«አንድ ጊዜ በእኔ ጋልበሃል። አሁን አርጅተሃል፤ ትወድቅብናለህ። ተቀመጥ።»

ወፍራሙ ሽማግሌ ሳቀ። «ምን ማለቷ ነው?» ብሎ ወንድሜን ጠየቀው። ወንድሜ ፊቱ ጠቁሮ ተቀመጠ።

ዋስ ስላልተጠራ ሽማግሌዎቹ እጃቸው ታሰረ። ሁሉም ቄሱን ተመለከቱ። እሳቸውም ቀስ ብለው ጀመሩ።

«ልጄ፣ አንቺ ለዚህች ልጅ ምሳሌ ነበርሽ። ሴት የተፈጠረችበትን ዓላማ አንቺ ታውቂዋለሽ። ችለሽ፣ ታግሠሽ፣ ባልሽን በክብር ቀበርሽ።»

«አባ፣ ያኔ ስለ አጥንት ሲያስተምሩኝ የጎኔ አጥንት ተሰብሮ ነበር።»

«አልነገርሽኝም» አሉ።

«አልጠየቁኝም። የጠየቁኝ ስለ ጠላው ነው።»

«ያ አልፏል። ሴት ረዳት ናት፤ ይህ የእግዚአብሔር ቃል ነው፤ እኔ አላመጣሁትም።»

«እኔም አልካድኩትም፣ አባ። ረዳት ትሁን ያለው አዳም አይደለም፤ እግዚአብሔር ነው። እግዚአብሔር ሰጣት፤ አደራ ነበረች። አደራውን የሰባበረው ሰው ውጪ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጧል፤ እናንተ የምትመክሩት አደራውን ነው። እኔም አደራ አለብኝ። ይህች ናት። ስለ እሷ የምጠየቀው እኔ ነኝ፤ እናንተ አይደላችሁም።»

«ሴትየዋ ስብከት ጀመረች» አለ ቀጭኑ።

ቄሱ አልሳቁም። ተነሡ። መስቀላቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ልጄን እያዩ፣

«ልጄ፣ ዛሬውኑ ወደ ባልሽ ቤት ባትመለሺ፣ በአብ በወልድ...»

ተነሥቼ መዳፌን አፋቸው ላይ ጫንኩ።

ሌላውን ሁሉ ረስቼ ይህን አልረሳም። ከንፈራቸው ከመዳፌ ሥር ይንቀሳቀስ ነበር። ትንፋሻቸው ይሞቃል። ጢማቸው በጣቶቼ መካከል ወጣ። ቃሉን ሊጨርሱ ገፉኝ፤ እኔም ገፋኋቸው። ራሳቸው ከግድግዳው ጋር ተጋጨ፤ ጥምጣማቸው ወደቀ። መስቀሉ አንጓዬን ቧጨረው። ወንድሜ በከዘራው ወገቤን መታኝ፤ ደገመኝ። እጄን አላነሣሁም። ቀጭኑ ሽማግሌ ክንዴን ሲጠመዝዝ በሌላው እጄ ጫንኩ። ያልተጨረሰ ግዝት አይዝም። ይህን እሳቸውም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። እስኪያቆሙ ድረስ ያዝኳቸው። አቆሙ።

ጩኸቱን ሰምቶ ባልየው የቆርቆሮውን በር ገንጥሎ ገባ። ማንንም አላየም። ልጄን በፀጉሯ ይዞ ከመደቡ ላይ ጎተታት። ግቢው መሃል ስትደርስ እግሯን ተከለች፤ ሆዷን በእርግጫ መታት። ሽማግሌዎቹ ደጃፉ ላይ ቆመው «ተው፤ ኧረ ተው» ይላሉ። እግራቸው ግን አልተነቃነቀም። እኔ ሙቀጫው አጠገብ የቆመውን ዘነዘና አንሥቼ ፀጉሯን በያዘው እጁ ላይ አሳረፍኩት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት። ለቀቃት፤ ተንበረከከ። ሁለተኛውን ራሱ ላይ ላወርደው አንሥቼ ነበር። ወገቤን ይዛ የጎተተችኝ ልጄ ናት።

«እማዬ፣ በቃ። በቃ፤ አልሄድም፤ በቃ» አለችኝ።

ባልየው እጁን አቅፎ ያቃስታል። ቄሱ ጥምጣማቸው ሳይኖር ራሰ በራ ሽማግሌ ሆነው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የልጄን የተነቀለ ፀጉር መሬት ላይ ያዩ ነበር።

«እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር» አሉ።

«አርባ ዓመት አስታረቁ» አልኳቸው።

ወፍራሙ ሽማግሌ የቄሱን ጥምጣም አንሥቶ አቀበላቸው፤ ሳይጠመጥሙት በእጃቸው ይዘውት ወጡ። ግዝቱን ግን ደጅ ወጥተውም አልጨረሱትም፤ ሊጨርሱት ይችሉ ነበር። ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። ከዚህ በላይ አልመሰክርላቸውም።

ባልየው አሁን በፍርድ ቤት ነው። እኔም ስለ እጁ ተከስሼ ቃሌን ሰጥቻለሁ፤ ያደረግኩትን አልካድኩም። ወንድሜ ሰላምታ አይሰጠኝም። በማኅበሬ ደግሞ ከቄሱ እግር ወድቄ ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ ጽዋ እንዳልጠጣ ተወስኗል። ከወሰኑት ሴቶች መካከል ፊታቸው እንደ ልጄ በዱላ የጠቆረ ሁለት አሉ፤ ለይቼ አውቃቸዋለሁ። በየወሩ ድግሱን አዋጣለሁ፤ እበላለሁ፤ ጽዋው ሲዞር ግን ያልፈኛል። ለሌላ ቄስ ተናዝዣለሁ። ስለ ሁለተኛው ዘነዘና፣ ባላወርደውም ላወርደው በማንሣቴ፣ ቀኖና ሰጡኝ፤ ጉልበቴ እስኪያብጥ ሰግጄ ፈጸምኩ። ቄሱ አፍ ላይ ስለጫንኩት እጄ ግን «ትጸጸቻለሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «አልጸጸትም» አልኳቸው። ሳትጸጸቺ ልፈታሽ አልችልም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ሳልቆርብ እኖራለሁ። ወደፊት የሚፈርደው ሌላ ነው፤ ምን ብዬ እንደምመልስለት አዘጋጅቻለሁ።

ልጄ ሥራዋን ወደ እንጅባራ አዛውራ ከእኔ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ትወጣለች፤ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ድንች እየላጥን ሳለ፣ ቀና ሳትል፣

«እማዬ፣ የመጀመሪያውን ጊዜ ለምን መለስሽኝ?» አለችኝ።

ለአማቴ መልስ ነበረኝ፤ ለወንድሜም፣ ለቄሱም። ለእሷ አላዘጋጀሁም ነበር።

«ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው» አልኳት።

«የትኛው ሰው?»

አሰብኩ። ፊታቸውን አንድ በአንድ አመጣሁ። ከመካከላቸው ያን ቀን ጠዋት መናኸሪያው ላይ የነበረ አንድም ሰው የለም። እሷና እኔ ብቻ ነበርን።

«እንጃ» አልኳት።

ድንቹን መላጥ ቀጠለች። ይቅር አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ስንጨርስ ድስቱን እኔ አነሣሁ፤ ውሃውን እሷ ጨመረች።